«ዶክተር፣ ለማንም አይናገሩም አይደል?» ግቢ ውስጥ ጥቃት ለደረሰባችሁና ለጓደኞቻችሁ

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ዲላና ጌዴኦ ዞን ውስጥ ለምትማሩ፣ ልጅ ወይም እህት ግቢ ለላካችሁ፣ ግቢ ውስጥ ለምትሠሩም ነው። ስለ ወሲባዊ ጥቃትና ፍቅረኛ ስለሚያደርሰው ጥቃት ነው የማወራው። ጉዳዩ የራሳችሁ ሆኖ ማንበቡ ከከበዳችሁ «የት ልሂድ?» የሚለውን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ስልኩን መዝጋት ትችላላችሁ።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር።

ኢንተርን እያለሁ ነው፤ የት ሆስፒታል እንደነበር ይቅር። ልጅቷን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ አንዲት ተማሪ ከዶርም ጓደኛዋ ጋር ድንገተኛ ክፍል መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ካርድ የሚያወጣው ልጅ በመስኮቱ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» አላት። ዝም። ደግሞ ጠየቃት። ጓደኛዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረችው።

«እ? ተደፍራ ነው?» አለ ጮክ ብሎ። ከኋላቸው ወረፋ ላይ ሰባት ስምንት ሰው ነበር።

እኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ባጃጅ የተገለበጠበት ሰው ግንባር እየሰፋሁ ነበር። ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ አየኋት፤ «ተራዋ ሲደርስ አያታለሁ» ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ተራዋ ሲደርስ ስሟን ብንጠራ የለችም።

ልጅቷ የተመለሰችው በ6ኛው ቀን ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ጊዜው አልፏል። እርግዝና መከላከያውም እንደዚያው። ይህንን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ያን ሌሊት እኮ መጥቼ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ከ3 ወር በኋላ የኤችአይቪ ምርመራዋ ነጻ ሆነ፤ ዕድለኛ ስለነበረች እንጂ እኛ ስላከምናት አይደለም። እነዚያን 3 ወራት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ደግሞ እሷ ናት የምታውቀው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ለዚህች ታካሚ ምስጢሯን መጠበቅ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። እሱ ካልተሰጠ የሚቀጥሉት መድኃኒቶች መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ ምክንያቱም ታካሚዋ ትሄዳለች።

በሀገር ደረጃም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል 10 በመቶው በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ማለታቸውን ያሳያል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ማለት ነው።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ዝምታው የራሱ ምክንያት አለው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ተማሪ ከየክልሉ ተመድቦ ነው፤ እናት ሩቅ ናት፣ ዘመድ የለም። ዶርም ውስጥ ብቻውን ስልክ የሚያወራበት ጥግ እንኳ የለም። ክሊኒክ ስትገባ የሚያያት የክፍሏ ልጅ ነው። ከተማዋም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት፤ ማታ የተወራ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ልጅቷ «ልታከም?» ብላ ከመጠየቋ በፊት «ማን ያውቃል?» ብላ ትጠይቃለች። ፈሪ ስለሆነች አይደለም። የምትኖርበትን ቦታ ስለምታውቅ ነው።

ሰዓቱ ግን አይጠብቃትም።

ሰዓቱ እንዲህ ነው የሚቆጥረው

በ72 ሰዓት ውስጥ፦ በተለምዶ ፔፕ የሚባለው የኤችአይቪ መከላከያ መጀመር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የደፈረው ሰው ኤችአይቪ ይኑርበት አይኑርበት ማወቅ አያስፈልግም፤ ካልታወቀ ይጀመራል።

እስከ 5 ቀን፦ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ። ብዙዎቻችሁ «ፖስትፒል» የምትሉት ነው። በ5 ቀን ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ኃይሉ ይቀንሳል፣ በተለይ ከ3 ቀን በኋላ። በነዚሁ 5 ቀናት ውስጥ ሉፕ ማስገባትም ይቻላል፤ እንዲያውም ከሁሉም አስተማማኙ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝት፦ ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለቂጥኝ መድኃኒት፣ ለሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ክትባት፣ ቁስል ካለ የቴታነስ መከላከያ።

5 ቀን ካለፈስ? አሁንም ነይ። ምርመራው፣ የአባላዘር ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ ጊዜ አያልፍበትም። ከዓመት በኋላም ቢሆን ነይ።

ፋርማሲ ገብቶ ፖስትፒል ገዝቶ መውጣት ብቻውን አይበቃም። ብዙ ተማሪዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ማንም ስለማይጠይቃቸው። እርግዝናውን ሊከላከል ይችላል፤ ለኤችአይቪና ለሌሎቹ ግን ምንም አያደርግም።

የት ልሂድ?

1. ቀጥታ ሆስፒታል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም ክፍት ነው። ይርጋጨፌ፣ ወናጎ፣ ቡሌ፣ ኮቸሬ ወይም ጌዴብ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ አስቀድሙ፤ ዲላ ልድረስ ስትሉ ሰዓቱ እንዳያልፍ።

2. ካርድ ክፍል ሲጠይቁሽ ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለብሽም። «ሐኪም ወይም ነርስ በግል ማነጋገር እፈልጋለሁ፣ አስቸኳይ ነው» በይ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አሁን ስክሪንሾት አድርጓት።

3. የግቢ ክሊኒክ። ቅርብ ነው፤ ፔፕ ባይኖረው እንኳ በሪፈር ይልክሻል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን አሳዩኝ ማለት ትችያለሽ።

4. የግቢው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት። ለዶርም ለውጥ፣ ለትምህርትና ለክስ ጉዳይ ይረዳል። መጀመሪያ ግን ሕክምናው፤ ቢሮው ሰኞ ይከፈታል ብለሽ ቅዳሜና እሑድን አታሳልፊ።

5. በስልክ፦ «አለኝታ» 6388፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711። አደጋው አሁን ከፊትሽ ካለ ፖሊስ 991። ወደ ዶርም መመለስ የማይቻል ከሆነም የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሐዋሳ ላይ መጠለያ አለው።

ከመምጣትሽ በፊት ባትታጠቢና የለበስሽውን ባታጥቢው ለማስረጃ ይጠቅማል። ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጊው፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ያበላሸዋል። ታጥበሽ ከሆነም ምንም አይደለም፣ ነይ። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ስሜት መታጠብ ነው።

ሐኪሙ ጋር ምን ይጠብቅሻል?

በር የሚዘጋ ክፍል። ካንቺ ፈቃድ ውጭ ማንም አይገባም። ስትመረመሪ ሴት ባለሙያ አብራ እንድትሆን መጠየቅ ትችያለሽ። እያንዳንዱ እርምጃ ከመደረጉ በፊት ይነገርሻል፤ የትኛውም ላይ «ይበቃኛል» ማለት ትችያለሽ፣ መድኃኒቱ አይከለከልሽም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፦ «ክብረ ንጽሕና» በማየት የተደፈረችና ያልተደፈረች ሴት መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብለዋል። ስለዚህ «ምንም አልታየባትም» ማለት «ምንም አልደረሰባትም» ማለት አይደለም።

ምስጢሩን በተመለከተ መጠየቅ የምትችይው ይኸውልሽ፦

— ካርዴ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? ላቦራቶሪና ፋርማሲ ማን ይዞልኝ ይሄዳል?
— የፔፕ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኤአርቲ ክፍል ነው። እዚያ ወረፋ ላይ መታየት ካስፈራሽ «እዚሁ አምጡልኝ» በይ። ነርሷ ማምጣት ትችላለች።
— ፈተና ካመለጠሽ ወይም ዊዝድሮዋል መሙላት ካለብሽ የሕመም ወረቀቱ ላይ «በሕክምና ምክንያት» ብቻ ይበቃል። ዲፓርትመንት ሄዶ ለሬጅስትራር የሚደርስ ወረቀት ላይ ምርመራሽ መዘርዘር የለበትም።
— የክትትል ቀጠሮ (ከ6 ሳምንትና ከ3 ወር በኋላ የኤችአይቪ ምርመራ አለሽ) በየትኛው ስልክ ነው የሚነገረኝ? ዶርም ውስጥ ሌላ ሰው የሚያነሳው ስልክ ከሆነ አትስጪ።

ይህ ሁሉ ውለታ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የታካሚን ምስጢር ያወጣ የጤና ባለሙያ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በእርግጥ ወሰን አለው፦ ፍርድ ቤት ካዘዘ፣ ታካሚዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች፣ ወይም ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ሌላ ሰው ማወቅ ሊኖርበት ይችላል። ሐቀኛ ሐኪም ይህንን ገና ከመጀመሪያው ይነግርሻል። «ለማንም አይናገሩም አይደል?» ለምትለኝ ልጅ የምመልሰው «ካንቺ ሳልነጋገር ለማንም አልናገርም» ነው። ልፈጽመው የምችለው ቃል እሱ ስለሆነ።

ለሐኪም መንገር መክሰስ አይደለም

ብዙዎችን ከበር የሚመልሳቸው ይህ ነው። «ከሄድኩ ፖሊስ ይጠራል፣ አባቴ ይሰማል።» ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው። ለፍርድ ቤት የሚሄደው የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ጥያቄ ይጻፋል፤ ያ ሌላ ሂደት ነው። ዛሬ ታክመሽ፣ የታየው በካርድሽ ተመዝግቦ፣ መክሰሱን ሲረጋጋልሽ ማሰብ ትችያለሽ። ካርዱ ላይ በጊዜው የተጻፈ ነገር ኋላ ላይ ለመክሰስ ብትወስኚ ይጠቅምሻል።

ሕጉን ግን እወቂው። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ተጎጂዋ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከመደፈር የመጣን እርግዝና ማቋረጥ በአንቀጽ 551 የተፈቀደ ነው። አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የፖሊስ ወረቀት አምጪ የሚልሽ ካለ ሕጉን አላነበበም።

ሽምግልናስ? ጌዴኦ በሶንጎው፣ በአባቶች ሸንጎ፣ የሚኮራ ሕዝብ ነው፤ ሊኮራም ይገባል። የመሬት፣ የድንበር፣ የጎረቤት ጠብ እዚያ ተፈትቷል። መደፈር ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም፣ ወንጀል ነው። «በእርቅ ይለቅ»፣ «ያግባት» ብሎ የሚመጣ ሽማግሌ፣ ዲላም ይሁን ጎንደር፣ ልጅቷን ሁለተኛ ይጎዳታል።

«ለምን አልጮኽሽም?»

ይህ ጥያቄ ከጓደኛም፣ ከፖሊስም፣ አንዳንዴ ከራሷ ከልጅቷም ይመጣል። መልሱ ሕክምናዊ ነው። ሰውነት አደጋ ሲገጥመው መሸሽና መታገል ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ መድረቅም ያውቃል። እጅ እግር አልታዘዝ ይላል፣ ድምፅ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት ስቶክሆልም ውስጥ ለተደፈሩ ሴቶች ወደተዘጋጀ ክሊኒክ የመጡ 298 ሴቶችን ጠይቆ፣ ከ10ሩ 7ቱ ጥቃቱ ሲደርስ በጉልህ ደርቀው እንደነበር አግኝቷል። ስለዚህ አልጮኽሽም ማለት ፈቀድሽ ማለት አይደለም።

ፍቅረኛዬ ከሆነስ?

ጥቃት ሁልጊዜ ከጨለማ መንገድ አይመጣም። ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ በስም የሚታወቅ ሰው ነው፤ ፍቅረኛ፣ ሲኒየር፣ አንዳንዴም ግሬድ በእጁ የያዘ መምህር። ፓስወርድሽን የሚጠይቅ፣ ከማን ጋር ላይብረሪ እንደተቀመጥሽ የሚቆጣጠር፣ «ከተለየሽኝ ፎቶሽን እለቀዋለሁ» የሚል፣ «ራሴን አጠፋለሁ» እያለ የሚያስፈራራ ሰው ቀናተኛ አፍቃሪ አይደለም። ጥቃቱ ጀምሯል።

እንደ ሐኪም በተለይ የሚያስፈራኝ ምልክት አንድ ነው፦ አንገት ማነቅ። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ «ሲቀልድ ነው» ቢባልም። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት በፍቅረኛዋ ወይም በባሏ ታንቃ የምታውቅ ሴት ኋላ በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ወደ 7 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አንቆሽ ከነበረና ድምፅሽ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ራስሽን ስተሽ ከነበረ፣ ውጭ ላይ ምንም ባይታይም በዚያው ቀን ሆስፒታል ነይ። የአንገት የደም ሥር ጉዳት ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ወንድሞች፣ እናንተም ላይ ይደርሳል። ሕክምናው አንድ ነው፣ 72 ሰዓቱም አንድ ነው፣ ምስጢሩም አንድ ነው። የመጣችሁበት ቀን ማንም አይስቅባችሁም።

ለዶርም ጓደኛ

ምናልባት ከሐኪሙም ከፖሊሱም በፊት የምትሰሚው አንቺ ነሽ። አራት ነገር ብቻ፦

1. «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። «ለምን ሄድሽ?» አትበያት።
2. ሰዓቱን ንገሪያት፤ 72 ሰዓት። ከዚያ ወሳኟ እሷ ናት። እጇን ጎትተሽ አትውሰጃት።
3. አብረሻት ሂጂ። ካርድ ክፍል ላይ በሷ ፈንታ «ሐኪም በግል ማነጋገር እንፈልጋለን» በይ።
4. ለፍቅረኛሽም፣ ለዶርሙ የቴሌግራም ግሩፕም፣ «ጸልዩላት» ለማለትም ቢሆን ለማንም አትናገሪ።

ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠበቅ ነው። ከወር ካለፈ ባለሙያ ታይ። መሞት እፈልጋለሁ ካለች ግን ያኔ ብቻዋን አትተዪያት፤ ምስጢር ጠብቂ ያልኩሽ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ወዲያው ሆስፒታል አምጫት።

ለግቢ ኃላፊዎችና ለሥራ ባልደረቦቼ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው አማካሪዎች፣ የሰሙትን ለአስተዳደር ሪፖርት ማድረግ ካለባቸው ሠራተኞች ተለይተው ይታወቃሉ። ተማሪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት የቱ ጋ እንደሆነች ታውቃለች። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ በር ያለው ክፍል፣ ስሟ የታወቀ አንዲት ነርስ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ፣ በየዶርሙ ሽንት ቤት በር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት። ሽንት ቤት ያልኩት ብቻዋን ሆና ልታነበው የምትችልበት ቦታ እሱ ስለሆነ ነው። ሕክምናው፣ ፖሊሱና የሕግ ባለሙያው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሠራሩ ለኛ ሀገር እንግዳ አይደለም።

ካርድ ክፍል ያለው ልጅም ክፉ አልነበረም። ማንም አላሠለጠነውም። እኔ ግን ሠልጥኜ ነበር፤ መርፌውን አስቀምጬ ሁለት ሜትር መራመድ ነበረብኝ። አሁን ተረኛ በሆንኩ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ካርድ ክፍል ሄጄ «በግል ላነጋግር የምትል ካለች ምንም ሳትጠይቅ ጥራኝ» ማለት ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አደራ፦ ታሪካችሁን እዚህ ኮሜንት ላይ አትጻፉ፣ የሌላ ሰው ታሪክማ ፈጽሞ። ጽሑፉን ሼር ስታደርጉም የማንንም ስም ታግ አታድርጉ። ዝም ብላችሁ ሼር አድርጉት፤ የሚያስፈልጋት ልጅ ማንም ሳያውቅ ታነበዋለች።

ደህና ሁኑልኝ። መልካም ጤና!